እሱን ማን ጠየቀው?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወረድ ብሎ፣ አባታችን በሠራው ግቢ ውስጥ ነው። አባታችን ካረፈ ዓመት ሞላው። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። ገላን አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ፈረቃ ይሠራ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት እንቅልፍ አጣ፣ ብቻውን ማውራት ጀመረ፣ ‹ጎረቤት በዲሽ እያየኝ ነው› ማለት አመጣ። ሆስፒታል ወስደነው ኪኒን ሰጡት። ሰባት ወር ደህና ሆነ፣ ሥራውም ላይ ተመለሰ። ከዚያ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ለሃጩ ሲዝረከረክ እማዬ አላስቻላትም። ጸበል ስንወስደው ደግሞ ‹መድኃኒቱን ተዉት› ያለን ሰው ነበር። ተውነው። ከገና በኋላ ባሰበት። አንድ ሌሊት ወጥቶ የአዳማው ፈጣን መንገድ ዳር ሲሄድ ሲኖትራክ ለጥቂት ሳተው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ሰርቪስ ቤት ውስጥ እግሩን በሰንሰለት ከአልጋው ጋር አሰረችው። ሁለት ወር ተኩል ሆነው። ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትተኛው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ግን ጩኸቱ ለጎረቤት እንዳይሰማ ቆርቆሮ መታንበት። ምግብ ሳስገባለት ‹መስኮቱን ክፈቱልኝ› ይለኛል። ፋብሪካው ከወር ከአሥራ አምስት ቀን በፊት የማሰናበቻ ደብዳቤ ላከ። አሁን ደግሞ አጎታችን ለአባታችን ቤት ገዢ አምጥቷል። ‹እሱ እብድ ነው፣ ፊርማ የለውም፤ ከወረዳ ደብዳቤ አጽፈን የእሱን እኔ እፈርማለሁ› ይላል። እኔ እምቢ ስል ‹እንግዲያው ደህና በሆነበት ቀን እናስፈርመው› አለ። እማዬ ደክሟታል። እኔም ግራ ገብቶኛል። ምን ላድርግ? እህቱ ነኝ።»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ያለችው አለ። አጎትሽ ያለው አለ። ጸበል ቦታ ያገኛችሁት ሰው፣ ፋብሪካው፣ ሁሉም ተናግሯል። ወንድምሽን ግን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ መስመር ውስጥ፣ ከዲሹ ፍርሃቱ ሌላ፣ እሱ የተናገረው ሁለት ቃል ነው። «መስኮቱን ክፈቱልኝ።»

እንግዲህ ከመስኮቱ ልጀምር። ዛሬውኑ ክፈቱት። ፍርግርግ አለው ብለሽኛል፣ ስለዚህ አይወጣበትም። ቆርቆሮው የተመታው ለጎረቤት ጆሮ እንጂ ለእሱ ደህንነት አይደለም። ጨለማ ቤት ውስጥ ሁለት ወር ተኩል የከረመ ጤነኛ ሰው እንኳ ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል፣ እንቅልፉ ይዛባል። እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበትን ሰው ደግሞ እንደ እንቅልፍ እጦት የሚጎዳው ነገር ጥቂት ነው። ብርሃንና አየር የጠየቀው ሕመሙ አይደለም። የራሱ ጤነኛ ሐሳብ ነው፤ ትክክልም ነው።

ይህን የምልሽ እኔም ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ብዙ ዓመት የሠራሁት በነርስነት የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ሴትዮ ከባሏ ጋር መጣች። እኔ ካርዱን ይዤ ባሏን እጠይቃለሁ። ትተኛለች? ትበላለች? ኪኒኑን ትውጣለች? እሱ ይመልሳል፣ እኔ እጽፋለሁ። እሷ በመካከላችን ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ቆይታ ቆይታ ቀና አለችና «እህቴ፣ እዚህ ነኝ እኮ» አለችኝ። እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ከበደኝ። እሷን ስጠይቃት ባሏ ያላወቀውን ነገረችኝ። ኪኒኑን የምትተፋው ስለሚያቅለሸልሻት ነበር። ባዶ ሆድ ነበር የሚሰጣት። ያን ቀን እሷን ባልጠይቃት «መድኃኒት እምቢ ትላለች» ብዬ ጽፌ፣ መጠኑን ጨምረውባት ትሄድ ነበር።

አሁን ስለ እናትሽ። ሰንሰለቱ የመጣው ከጭካኔ አይደለም። ልጇ መኪና ሊበላው ነበር። ቁልፉን በነጠላዋ ቋጥራ የምትተኛ እናት እሷም ታስራለች። በየሰፈሩ ዳር ብዙ እንዲህ ያለ ሰርቪስ ቤት አለ። አይቻለሁ። ቁርጭምጭሚታቸው ቆስሎ የመጡ ልጆች እግር አጥቤያለሁ። ያመጧቸው እናቶች ውጭ ኮሪደር ላይ ሲያለቅሱም አይቻለሁ። ስለዚህ እናትሽን «ጨካኝ» የሚላት ሰው ቢመጣ አትስሚው።

ግን እውነቱንም ልንገርሽ። ማሰር በሕግም ልክ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 17 ላይ ማንም ሰው ከሕግ ውጭ ነጻነቱን አያጣም ይላል። አንቀጽ 18 ደግሞ ማንንም ከጭካኔና ከኢሰብዓዊ አያያዝ ይጠብቃል። «ጤነኛ ከሆነ» የሚል ቃል አልተጨመረበትም። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 585 ላይ ሰውን ያለ ሕግ አግባብ መያዝን፣ መዝጋትን፣ ነጻነቱን ማሳጣትን በእስራት ያስቀጣል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የአእምሮ ጉዳት ያለበትን ሰው ያካትታል፤ አገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት ደግሞ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ይህን የጻፍኩልሽ እናትሽን እንድታስፈራሪበት አይደለም። ወንድምሽ ሲታመም ከሰውነት ተራ እንዳልወጣ እንድታውቂው ነው። አንቺ ያለሽ መብት ሁሉ እሱም ዛሬ አለው፤ በዚያ ጨለማ ቤት ውስጥ ሆኖም።

ሰንሰለቱ እንዴት ይፈታ? ዝም ብላችሁ ፈትታችሁ በሩን ብትከፍቱት ያው ፈጣን መንገዱ ይጠብቀዋል። ያንን ፍርሃት እኔም እፈራዋለሁ። ሰንሰለቱን የሚፈታው ሕክምና ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቡታጅራና ሶዶ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋል። ሕክምናው በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ ሲጀመር ቤት ውስጥ የሚታሰሩት ሰዎች በጣም ቀንሰዋል። ሌላም ያዩት ነገር አለ። በጤና ጣቢያ ባለሙያ የሚደረገው ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚደረገው ያነሰ ውጤት አላመጣም። አንቺም ስለዚህ መጀመሪያ ከተማ መሀል መድረስ ግዴታሽ አይደለም። የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ቀድመሽ ብቻሽን ሂጂ። ሁኔታውን ንገሪያቸው። የድሮ ካርዱን፣ የኪኒኑን ማሸጊያ ካለ እሱንም ያዢ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር ካላችሁ እሱን ይዘሽ ሪፈር አጽፊ፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ መድኑ ላይሸፍንላችሁ ይችላል። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር አትጠብቂ። መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለው። ከጣሊያን ወረራ ጊዜ ጀምሮ ያለ ሆስፒታል ነው፤ እንደናንተ ያለ ቤተሰብ ብዙ አይተዋል፣ አትፈሪ።

ድንገተኛ የምለው ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ምግብና ውሃ ሙሉ በሙሉ ከተወ። ሰው ሊጎዳ ከተነሳ። «መሞት እፈልጋለሁ» ካለ፣ ወይም የሆነ ድምፅ ራስህን ግደል እያለው ከሆነ። ይህን በግልጽ ጠይቂው። «መሞት ያሰኝሃል?» በይው። ብዙ ሰው መጠየቁ ሐሳቡን ያስገባበታል ብሎ ይፈራል። አያስገባበትም። ይልቅስ ብቻውን የተሸከመውን ያካፍልሻል። የአይጥ መርዝ፣ የተባይ መድኃኒት፣ ገመድ ከዚያ ክፍልና ከግቢው አውጡ። አምቡላንስ ካስፈለገ 907 ነው።

አሁን ከባዱ ነገር። እንዴት አድርገሽ ታናግሪዋለሽ?

«አመምህ» አትበይው። «አእምሮህ ተነካ» አትበይው። ስለ ዲሹም አትከራከሪው። «ማንም አያይህም፣ ቂል አትሁን» ብትይው አንቺም ከሚያዩት ወገን ትሆኛለሽ። «አዎ፣ ያዩሃል» ብትይው ደግሞ ውሸት ነው፤ ፍርሃቱን ታጸኚበታለሽ። እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «እኔ አላየሁትም። አንተ ግን በጣም እንደምትፈራ አያለሁ። መፍራት ያደክማል።» ከዚያ ዝም እላለሁ። መልስ እስኪሰጥ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ረጅም ዝምታ ነው፤ በወሬ አትሙዪው።

አንድ የማይከዳ መግቢያ በር አለ። እንቅልፍ። ‹ታምሜያለሁ› የማይል ሰው ‹እንቅልፍ አጥቻለሁ› ይላል። ወንድምሽን «ና እንታከም» ከምትይው «ለእንቅልፍህ የሚረዳ ሰው ዘንድ እንሂድ፣ እኔ አብሬህ እገባለሁ» በይው። እውነት ነው፤ አላታለልሽውም። በጭማቂ ወይም በወጥ ውስጥ ኪኒን ደብቆ መስጠት ግን ይቅርባችሁ። በዲሽ ያዩኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ምግቡ ውስጥ መድኃኒት ካገኘ በኋላ ከእናቱ እጅ አይበላም። ያን እምነት መልሶ መገንባት ከሕመሙ የባሰ ነው።

ጠዋት ሂዱ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ። የሚወደው ሰው ይኑር። የፋብሪካ ጓደኛው፣ አብሮት ኳስ የሚያይ ልጅ፣ የሚያምነው ማንም። አጎትሽን ለዚህ ጉዞ አትውሰጂው። አውቶቡስ ግፊያው ይከብደዋል፤ ገንዘብ ካላችሁ ኮንትራት ታክሲ ያዙ። ሰንሰለቱ ከቤት ሳይወጣ ይፈታ። ታስሮ ሰፈር መሀል የሚሄድ ሰው ያን ቀን አይረሳውም።

ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡ፣ እንደዚያች ሴትዮ «እዚህ ነኝ» እስኪል አትጠብቁ። «እሱ ይንገርዎት፣ እኔ የጎደለውን እጨምራለሁ» በይ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በልብሽ ያዢ።

ስለ መድኃኒቱ። ሰባት ወር ደህና ሆነ ብለሻል። ይህ ትልቅ ዜና ነው፣ አታሳንሺው። መድኃኒት የሚሠራለት ሰው ነው ማለት ነው። የሕመሙን ስም በደብዳቤ መናገር አልችልም፤ እሱን አይቶት የሚናገረው ሐኪሙ ነው። የነገርሽኝ ግን ሳይኮሲስ የሚባለውን፣ ሰው የሌለውን ነገር እንዳለ የሚሰማበትን ወይም የሚያምንበትን ሕመም ይመስላል። እርግማን አይደለም፣ የእናትሽ ጥፋትም አይደለም። በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለው፤ ኑሮና ጭንቀት ይቀሰቅሱታል። አባቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ቀብሯል፣ የማታ ፈረቃ ይሠራ ነበር። ለማታ ፈረቃው ጫት ይቅም ከነበረ እሱንም ለሐኪሙ ንገሩ። ብዙ መቃምና እንቅልፍ ማጣት ሲገናኙ ይህን ሕመም ያባብሱታል።

እጁ የተንቀጠቀጠውና ለሃጩ የወረደው ሕመሙ ስለከፋ አልነበረም። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። እንደ ሃሎፔሪዶል ባሉ ኪኒኖች ላይ የታወቀ ነገር ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው መጠኑን መቀነስ፣ ወይም ኪኒኑን መቀየር፣ ወይም ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፌኒዲል የሚባለውን መጨመር ነበር። ይህን ማንም አልነገራችሁም። ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያው ይቸኩላል፣ እናንተም አልጠየቃችሁም። የኔ ሙያ ሰዎች እዚህ ላይ ዕዳ አለብን፤ ሳልል አላልፍም። አሁን ስትሄዱ «ባለፈው ይህ ይህ ሆኖበት ነው የተወው» ብላችሁ ከበሩ ጀምራችሁ ተናገሩ። ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ካስቸገረው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌም አለ። ለእሱ የሚስማማውን እሱ ይምረጥ፤ ይጠየቅ። ደህና ሲሆንም በራሳችሁ ድንገት አታቋርጡት።

ጸበሉን ተዉ አልላችሁም። እናትሽ የምትጸናበት እሱ ነው። ጸበልና መድኃኒት ጠላቶች አይደሉም። ኤችአይቪ በበረታበት ጊዜ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ሰው ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ይውሰድ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። ባዶ ሆድ መጠጣት ካለበት ኪኒኑን ማታ ያድርግለት ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። መድኃኒት አቁሙ የሚላችሁ ሰው ካለ ግን ንስሐ አባታችሁን ጠይቁ እንጂ እዚያው አትወስኑ። ጸበል ቦታም ሰንሰለት ካለ፣ ያው ሰንሰለት ነው።

ወደ ቤቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አንብቢ፤ አጎትሽም ካነበበው ጥሩ ነው።

«እሱ ፊርማ የለውም» የሚለው ንግግር ሐሰት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሚነሳው ሰው ሁሉ ችሎታ አለው ከሚል ግምት ነው። ችሎታ የለውም የሚለው ሰው ማስረዳት አለበት። መታመም ብቻውን ፊርማን አይወስድም። ኪኒን መዋጥም፣ አማኑኤል ካርድ ማውጣትም አይወስድም። የሚወስደው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ወረዳ አይችልም። ዕድር አይችልም። ሽማግሌ ተሰብስቦ አይችልም። የወረዳ ደብዳቤ ይዞ የእሱን ድርሻ «እኔ እፈርማለሁ» የሚል ሰው በሌላ ሰው ንብረት ላይ እየፈረመ ነው።

ፍርድ ቤቱስ እንዴት ይሠራል? «በፍርድ መከልከል» የሚባል ነገር አለ፤ ፍርድ ቤት ሰውን በራሱ ስም እንዳይፈርም የሚከለክልበት ነው። ማመልከት የሚችሉት ታማሚው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ ወይም ዓቃቤ ሕግ ናቸው። ስለዚህ አጎትሽም ማመልከት ይችላል፤ አልዋሽሽም። ፍርድ ቤቱ ግን በወረቀት ብቻ አይወስንም። ወንድምሽ ችሎት ካልቀረበ ቢያንስ ከዳኞቹ አንዱ ወይም ፍርድ ቤቱ የላከው ባለሙያ እሱን ሄዶ ማየት አለበት። ሕጉ ራሱ «እሱን እዩት» ይላል። እዚህ ላይ በጣም ደስ ይለኛል፤ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሕግ የኛ ቤተሰቦች የሚረሱትን አስታውሷል። ሞግዚት ቢሾምለት እንኳ ሞግዚቱ የሚሠራው ለእሱ ጥቅም ነው፤ እንደ ቤት ያለውን ንብረት እንደልቡ አይሸጥም፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን አሁን ወደ መከልከል አትሩጡ። ሰባት ወር ሥራ ሲሠራ የነበረ ልጅ ነው። ሕክምናውን ጀምሮ ከሦስት ከአራት ወር በኋላ ስለ ራሱ ቤት ራሱ ሊናገር ይችላል። ቤቱ አይጠፋም። ገዢው ከጠፋ ሌላ ይመጣል።

የአጎትሽ ሁለተኛ ሐሳብ የበለጠ ያስፈራኛል። «ደህና በሆነበት ቀን እናስፈርመው።» እግሩ የታሰረ ሰው የሚፈርመው ምንድን ነው? «ፈርምና ይፈታልሃል» ቢሉት የማይፈርመው ነገር አለ? በማስገደድ የተገኘ ፊርማ በሕግ ሊፈርስ ይችላል። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የፈረመውም ሊፈርስ ይችላል። ገዢው ይህን ቢያውቅ ኖሮ በዚህ መንገድ አይገዛም ነበር፤ ብትነግሪው ለእሱም ውለታ ነው።

ድርሻውን በተመለከተ፣ አባት ያለ ኑዛዜ ሲሞት ልጆች እኩል ይወርሳሉ። እናትሽ የራሷ የጋራ ንብረት ድርሻ አላት፤ የቀረው የእናንተ የልጆቹ ነው። የታመመ ልጅ ድርሻው አይቀንስም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ካላወጣችሁ አውጡ፤ የእሱ ስም እንዳይዘለል በዓይንሽ እዪ። ደህና ሲሆንና ራሱ ሲፈልግ ለአንቺ ወይም ለሚያምነው ሰው ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ውክልና መስጠት ይችላል። ሲፈልግ ደግሞ ይሽረዋል። ያ ከመከልከል ይሻላል፤ ውሳኔው የእሱ ሆኖ ይቆያል።

ጠበቃ የሚከፈልበት ገንዘብ የለንም ልትይ ትችያለሽ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ ይቀበላል፤ አቤቱታ ለማቅረብ አይከፈልም።

ስለ ሥራው አጭር ልሁን፣ ግን ፈጥነሽ አድርጊው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው። አዋጁ አካል ጉዳትን ሰበብ አድርጎ ማሰናበትንም ይከለክላል። የጎደለው የሐኪም ወረቀትና ለፋብሪካው የተላከ ማስታወቂያ ነው። ሕመሙ ከመቼ እንደጀመረ የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ለምኑ፣ ለፋብሪካው በጽሑፍ ስጡ፣ የተቀበሉበትን ማህተም ያዢ። እምቢ ካሉ ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርበው ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ነው። አንድ ወር ተኩሉ አልፏል። የቀረሽን በቀን ቁጠሪው።

«እብድ» የሚለውን ቃል ግን ከቤታችሁ አውጡት። አጎትሽ ሲለው «ታሟል» በይው፤ በተናገረው ቁጥር። በዓለም ላይ ከ7 ሰው አንዱ ገደማ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር እንደሚኖር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እናንተ መንደር ውስጥ ስንት በር እንዳለ አስቢ። ቆርቆሮ የመታችሁበት ጎረቤት ቤትም ውስጥ ማን እንዳለ አታውቂም። ምናልባት እናትሽ ለአንዷ ብትነግራት የሚደርስላት ታገኝ ይሆናል። ቡና አጣጭ አንድ ትበቃለች። ማታ ማታ ከእናትሽ ጋር ተራ የምትገባ፣ ሐኪም ቤት ስትሄዱ ግቢውን የምትጠብቅ።

ለእናትሽ አንድ ነገር ንገሪልኝ። ሕክምናው ተጀምሮ ሰንሰለቱ ሲፈታ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ይከብዳሉ። ለዚያ ሳምንት የውጭው በር ይቆለፍ፣ ከእሱ ክፍል አጠገብ ሰው ይተኛ፣ አንቺና ጓደኛው ተራ ግቡ። ኪኒኑ እንቅልፉን ሲያመጣለት እናንተም ትተኛላችሁ። እሷም ነጠላዋን ሳትቋጥር ታድር ይሆናል።

ቆርቆሮውን ስትነቅሉ ወንድምሽን «ልንከፍተው ነው» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው፤ የሚስማሩ ድምፅ እንዳያስደነግጠው። ከተከፈተ በኋላ ወዲያው አትውጪ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በይና «ሌላስ ምን ይደረግልህ?» በይው። የሚልሽን በደብተር ጻፊው፣ በራሱ ቃል፤ ሐኪሙ ዘንድ ይጠቅማችኋል። ለእኔም መልሰሽ ስትጽፊልኝ ከዚያ ደብተር ጀምሪልኝ።